ራሱን እንደ ደንበኛ የቀጠረው ፕሮዲውሰር፦ የአንድ አልበም የጉዳይ ጥናት

ስቱዲዮ አካባቢ የሚውል ሰው ይህችን ወሬ ሳይሰማት አይቀርም። አቀናባሪው ለሌሎች አሥር አልበም ሰርቶ ሲያበቃ አንድ ቀን ማኪያቶ ላይ "የራሴንም እያዘጋጀሁ ነው" ይላል። ከአምስት ዓመት በኋላም እያዘጋጀ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ይጨርሰውና ያወጣዋል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ቅንብሩ እንከን የለውም፣ ግን የማን እንደሆነ አይለይም። ዕድሜውን ለሰው ልብስ ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ የራሱን ልክ መውሰድ ሲያቅተው እንደማለት ነው።

ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር የማነሳው አንድ ጉዳይ አለኝ። በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የወጣ የአሜሪካ አልበም ነው። ስሙ "ቶታል ዲስትራክሽን ቱ ዩር ማይንድ" ይባላል፤ በግርድፉ "አእምሮህን ድምጥማጡን ማጥፋት" እንደማለት። ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈንና ሳይኬደሊክ ሮክን (እንደ ቅዠት የሚያደናግር የሮክ ዓይነት) ቀላቅሏል። ሲወጣ ብዙም አልተሸጠም። ዛሬ ሸክላ ሰብሳቢዎች በፍቅር የሚያወሩለት ሥራ ነው። የሰራውን ሰው እዚህ "ፕሮዲውሰሩ" እያልኩ እጠራዋለሁ፤ እንደ እኛ አቀናባሪ የሌሎችን አልበም ከስቱዲዮ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። የመድረክ ስሙን ግን መጥቀሴ አይቀርም፤ የጉዳዩ ግማሽ እዚያ ስም ላይ ነውና። ሌሎቹን ሰዎች በሥራ ድርሻቸው ብቻ አነሳቸዋለሁ።

ዳራ

ፕሮዲውሰሩ በ1942 ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፖርትስመዝ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ሙዚቀኛ ነበር። የመጀመሪያ ሸክላውን የቀረጸው በ1954፣ ገና በ12 ዓመቱ ነው። የብሉዝ ዘፈን ነበር፤ ያጀቡትም የቤተሰቡ ሰዎች ነበሩ። ያኔ በስሙ ላይ "ትንሹ" የሚል ቅጽል ነበረው። በ1960ዎቹም ነጠላ ዜማዎችን ማውጣቱን ቀጠለ። አንድ ሁለቱ ጥሩ ተደመጡ። ኮከብ ግን አላደረጉትም።

ስለዚህ ከማይክራፎኑ ፊት ወደ መስታወቱ ኋላ ዞረ። ኒውዮርክ ውስጥ ለሌሎች መጻፍና ማዘጋጀት ጀመረ። እዚያ ነገሩ ተሳካለት። በ1968 ከሥራ ባልደረባው ጋር ለአንድ ታዋቂ ነጭ ፖፕ ዘፋኝ የጻፈው ዘፈን በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ ከምርጥ 20 ውስጥ ገባ። ብዙ ሳይቆይ አትላንቲክ ሬከርድስ በፕሮዲውሰርነት ቀጠረው። አትላንቲክ በዚያ ዘመን ከሶል ሙዚቃ ትልልቅ ቤቶች አንዱ ነው። ዘፋኞቹ በአብዛኛው ጥቁሮች ሆነው ሳለ፣ በቋሚነት የተቀጠረ ጥቁር ፕሮዲውሰር ግን ብርቅ ነበር።

እንግዲህ በ27 ዓመቱ እጁ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ ጥሩ ቦታ፣ የተመሰከረለት ጆሮ፣ የደራሲነት ስም። የቀረው እንደ ዘፋኝ መታወቅ ብቻ ነበር።

ችግሩ

የዘመኑ ሶል ዘፋኝ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ልክክ ያለ ሱፍ ይለብሳል። መድረክ ላይ ላብ በላብ እስኪሆን ይደንሳል። ስለ ፍቅር ይለምናል፣ ስለ ክህደት ያለቅሳል። ፕሮዲውሰሩ ግን፣ በኋላ ራሱ ያለ ምንም እፍረት እንደተናገረው፣ ዳንስ አይችልም፤ መልኩም የፖስተር መልክ አይደለም። ድምፁ ቀጭንና ሹል ነው። ብትሰሙት ከሺህ ድምፅ ትለዩታላችሁ፤ ለስላሳ ግን አትሉትም።

ይህ አንዱ ነው። የባሰው ችግር መዝፈን የሚፈልገው ነገር ነበር። ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ፕላስቲክ ዓለም፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ስለማይታወቅበት ቤት። የሮክ ሙዚቀኞችን ያዳምጥ ነበር። በዘመኑ ብዙ ሰው ይወስደው የነበረውን ኤል ኤስ ዲ የተባለ ዕፅም ቀምሶ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም። እነዚህን ሐሳቦች ሁሉ ይዞ በዱሮ ስሙ ቢቀርብ አድማጩ "እንዴ፣ ያ የፍቅር ዘፋኝ ምን ሆነ?" ነበር የሚለው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዋናው ችግር ከመግቢያው ላይ ያነሳሁት ይመስለኛል። ለሌላ ሰው ሲሰራ ዳኝነት ቀላል ነው። "ይሄ አንተን አይመጥንህም፣ ጣለው" ማለት ይቻላል። ሰው ራሱን እንዲህ ለማለት ከራሱ የሆነ ርቀት ያስፈልገዋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ሌላ ሰው ሆነ። "ስዋምፕ ዶግ" የሚል ስም አወጣ። ስዋምፕ ረግረግ ነው፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ስቱዲዮዎች ይሰራ የነበረውን ጭቃ ጭቃ የሚል ሙዚቃ ያኔ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ዶግ ውሻ ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ደርቦበታል። በእኛ አገር ሰውን ውሻ ማለት ጠብ መጫር ነው፤ እዚያም ቢሆን ምስጋና አልነበረም። የእሱ ምክንያት ግን ያስቃል፣ ደግሞ እውነት አለው። ውሻ ሶፋ ላይ ቢተኛ፣ ምንጣፍ ላይ ቢጸዳዳ፣ ጫማ ቢያኝክ ማንም አይገረምም፤ ውሻ ነዋ። ከጠባዩ ወጣ የሚለው የለም። እሱም የፈለገውን ቢዘፍን "ከጠባዩ ወጣ" የማይባልበትን ስም ነበር የፈለገው።

ይህን እንደ ማስታወቂያ ብልሃት ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ እንደ ሥራ መሣሪያ ነው የማየው። ስሙ ከወጣ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሆኑ፤ አንደኛው ቀጣሪ፣ ሌላው ተቀጣሪ። ፕሮዲውሰሩ ለዚህ እብድ ለሆነ ደንበኛ የሚስማማውን ይመርጥለት ጀመር።

ቀጥሎ ቦታው ነው። ጆርጂያ ውስጥ ሜከን ከተማ የነበረው ካፕሪኮርን ስቱዲዮ ገና አዲስ ነበር። የቤቱ ተቀጣሪ ሙዚቀኞች ነገር ለዚህ ሥራ ልክ እንደ ተመረጠ ነው። ከበሮ መቺው፣ ኪቦርድ ተጫዋቹና ጊታሪስቱ ቀደም ሲል በኋላ ታዋቂ የሮክ ሙዚቀኞች ከሆኑት ከኦልማን ወንድማማቾች ጋር በአንድ የሮክ ባንድ ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። ነጭ የደቡብ ልጆች ናቸው። ሶል ሲሰሙ አድገዋል፣ ሮክ ሲጫወቱ ኖረዋል። ስለዚህ ቅልቅሉን በንድፈ ሐሳብ ማስረዳት አላስፈለገም። እጃቸው ላይ ነበር።

የዘፈን ምርጫውም የፕሮዲውሰር እንጂ የዘፋኝ አይደለም። ብዙዎች የመጀመሪያ የግል ሥራቸው ላይ ሁሉንም ራሴ ካልጻፍኩ ይላሉ። እሱ ከ12ቱ ዘፈኖች ሁለቱን ከአንድ ነጭ የአትላንታ ደራሲ ወሰደ። ከሁለቱ አንዱ ዘረኛውን የገጠር ነጭ የሚሸነቁጥ ነው። ያንኑ ግጥም ጥቁር ሰው ሲዘፍነው ትርጉሙ ሌላ ይሆናል፤ አንድ ቃል መቀየር አላስፈለገም። ሌላም ዘፈን ከሌላ ነጭ ፖፕ ዘፋኝ ወስዷል፤ ከጥፋት በኋላ ስላለ ዓለም የሚተርክ ነው። የራሱን ግጥሞች በእነዚህ መሃል ሰካቸው።

ሽፋኑ? ሽፋኑ ላይ ፕሮዲውሰሩ በውስጥ ልብሱ፣ ቆሻሻ ላይ ተቀምጧል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንድ ዘፈን በቅርበት

የአልበሙን ስም የያዘው የመክፈቻ ዘፈን ጉዳዩን በሙሉ ያሳያል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ስሙት።

ከበሮውና ቤዙ ቀጥ ያለ የደቡብ ሶል ነው የሚጫወቱት። ምንም አዲስ ነገር የለም፤ የትኛውም ጭፈራ ቤት ውስጥ እግር የሚያንቀሳቅስ ምት ነው። የነሐስ መሣሪያዎቹ አጭር አጭር እየመቱ ይገባሉ። ጊታሩ ጋ ስትደርሱ ነው ነገሩ የሚለወጠው። በዋዋ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ በሚለዋውጥ መሣሪያ) እየተጠማዘዘ፣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ የሚናገር ይመስላል። ግጥሙ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ሰውየው ለቁርስ የሚበላ አንዲት የበቆሎ ቅርፊት ላይ ተቀምጧል፣ ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ ይጋልባል።

እንዲህ ያለ ግጥም ለለንደን ሮከር ብትሰጡት እያፌዘ፣ እየተኛ ነው የሚዘፍነው። ይሄኛው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚለምን ሰው፣ ከአንጀቱ ነው የሚጮኸው። ቀልዱን እንደ እውነት ይዘፍነዋል። የበቆሎ ቅርፊቷ ላይ መቀመጡ በጣም አሳሳቢ ጉዳይ እንደሆነ ታምኑታላችሁ።

የቅንብሩ ሚስጥር እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አላሳበደም። ምቱን አልነካም፣ ድምፁን አልነካም። እብደቱን ለጊታሩና ለግጥሙ ብቻ ነው የሰጠው። አድማጩ የሚይዘው ዘንግ አለ፤ ስለዚህ አይወድቅም። ሮክና ሶል፣ ወይም ጃዝና ትዝታ፣ ወይም የፈለጋችሁትን ሁለት ነገር ለማዋሃድ ሞክረው ያልተሳካላቸውን ሥራዎች ስትሰሙ፣ ብዙ ጊዜ ከበሮው፣ ቅኝቱ፣ ድምፁና ግጥሙ በአንድ ላይ ሲሸሹ ነው የምታገኙት።

ሌላው ፊቱ በዝግታ ዘፈኖቹ ላይ ይታያል። በተለይ አባትነትን የሚያነሱት ሁለቱ ሳቅና ሕመም በአንድ ላይ ናቸው። የአንደኛው ርዕስ "የእናቱ ልጅ፣ የአባቱ ምናልባት" እንደማለት ነው። ይህ ዘፈን በነጠላ ዜማ ወጥቶ በ1970 በጥቁሮች የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ 33ኛ ደረጃ ደረሰ። ከአልበሙ በሰንጠረዥ ረገድ የተገኘው ይኸው ነው።

ያልሰራው

እዚህ ጋ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለን። ይኸው ፕሮዲውሰር፣ በዚያው ስቱዲዮ፣ በዚያው ሰሞን ለአንዲት ድምፃዊት አልበም ሰርቶ ነበር። ያወጣውም ያው ኩባንያ ነው፤ ካንየን የሚባል አነስተኛ ኩባንያ። የድምፃዊቷ ነጠላ ዜማ በዚያው ሰንጠረዥ ሰባተኛ ገባ። ስለ ውሽምነት ሕይወት የሚናገር፣ ልብ የሚሰብር ዘፈን ነው።

ሙያው አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ አከፋፋዩ አንድ። ልዩነቱ የት ነው? የእሷን ሸክላ የሬዲዮ አቅራቢው በእጁ ሲይዝ የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። የእሱን ሲይዝ አያውቅም። ለጥቁሮች ሬዲዮ ሮክ በዛበት። ለሮክ ሬዲዮ ዘፋኙ ጥቁር ነው፣ ድምፁም ሶል ነው። በሁለቱ መካከል መደርደሪያ አልነበረም።

"ዘመኑ ገና አልደረሰም ነበር" የሚለው መልስ ግን አያሳምነኝም። ቅልቅሉ በራሱ ይሸጥ ነበር። ዲትሮይት ውስጥ ሞታውን የተባለው የሸክላ ኩባንያ ከ1968 ጀምሮ ቴምፕቴሽንስ የተባለውን የድምፃውያን ቡድን በዚሁ በሳይኬደሊክ መንገድ አስገብቶ ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት አግኝቶበታል። እነሱ ግን የታወቁ ነበሩ፣ ከኋላቸውም የሚገፋ ትልቅ ኩባንያ ነበር። ፕሮዲውሰሩ አዲስ ሙዚቃ፣ አዲስ ስም፣ አዲስ መልክና ደካማ ኩባንያ ይዞ በአንድ ቀን ነው የወጣው። ቅንብሩ ላይ የተጠነቀቀለትን ነገር ገበያው ላይ ረሳው። ካንየንም ብዙ አልቆየም፤ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ መንገላታት ይበዛበታል። በ1971 ትልቅ ኩባንያ ወሰደው። ሁለተኛው አልበም ሽፋን ላይ ግዙፍ ነጭ አይጥ ላይ ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ተቀምጦ ወጣ። ይህ ሽፋን እስከ ዛሬ "የምንጊዜም አስቀያሚ ሽፋኖች" የሚሉ ዝርዝሮች ላይ ይገባል። አልበሙ ውስጥ እግዚአብሔር አሜሪካን ለምን ይባርካታል ብሎ የሚጠይቅ ዘፈን ነበረ። ፕሮዲውሰሩ የቬትናምን ጦርነት ከሚቃወሙ አርቲስቶች ጋርም ዞረ። ኩባንያው የሸኘውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ከ1970 እስከ 1974 አምስት አልበም አወጣ፤ አምስቱም በተለያየ ኩባንያ ስም ነው። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ዕቃው እንደሚሰባበር ሁሉ፣ አድማጩም እንዲሁ ይበተናል።

የሰራው

በዚህ ሁሉ መሃል ሰውየው አልጠፋም። ለምን እንዳልጠፋ ማየቱ ነው ጥቅሙ።

ደራሲነቱን አልተወም። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ፣ ስለ ሰው ሰራሽ ዓለም የሚናገረው፣ ወዲያው አንድ ታዋቂ የጃማይካ ዘፋኝ ዘፈነው። በ1971 ደግሞ ከጓደኛው ጋር የጻፈው ሌላ ዘፈን መጀመሪያ በሶል ድምፃዊ ተሰማ፤ ቀጥሎ አንድ የኮንትሪ (የነጭ አሜሪካውያን የገጠር ሙዚቃ) ዘፋኝ ወሰደውና በኮንትሪ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ አደረሰው። ውሻ ነኝ ብሎ ቆሻሻ ላይ ተቀምጦ ፎቶ የተነሳው ሰውዬ፣ ካውቦይ ባርኔጣ ያደረጉ ነጮች የሚያለቅሱበትን ዘፈን ጻፈ። ልጅ ሆኖ ሬዲዮ ላይ የሚሰማው ኮንትሪ ነበርና ለእሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ያ ዘፈን በ1996ም በሌላ ዘፋኝ እንደገና ተነስቶ ተሳክቶለታል። ዘፋኙ ባይሸጥም ደራሲው ይሸጥ ነበር።

ሥራዎቹንም እንደ ንብረት ያዛቸው። በኋላ የራሱን አነስተኛ ኩባንያ አቋቁሞ የቆዩ አልበሞቹን መልሶ አወጣ። ስሙን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ሲፈልጉት አገኙት።

ስሙም በመጨረሻ ጠቀመው። ገበያውን ያደናገረው ያ ስም ነጻነቱን ጠበቀለት። በ2018፣ ሰባዎቹን አጋምሶ፣ ወጣቶቹ የሚጠቀሙበትን ኦቶ ቲዩን የተባለ የድምፅ ማስተካከያ ድምፁ ላይ ጭኖ አልበም አወጣ። በ2024 ባንጆና ማንዶሊን ይዞ መጣ። ማንም "ምን ነካው?" አላለም። ውሻ ነዋ።

ወደ እኛ ስቱዲዮ ሲመጣ

የእኛ አቀናባሪዎች ከዚህ ሰው ጋር የሚያመሳስላቸው ብዙ ነገር አለ። ካሴት ላይ ስማቸው ይጻፋል፣ ድምፃዊው ያመሰግናቸዋል፣ ሕዝቡ ግን መንገድ ላይ አያውቃቸውም። የራሱን ሥራ ሊጀምር ለተነሳ ሰው ከዚህ ጉዳይ የማወጣለት ምክር አለኝ።

ስም መቀየር የግድ አይደለም። ዳኛና ተከሳሽ መለየት ግን የግድ ነው። በሌላ ስም ይሁን፣ በሌላ ሰው ጆሮ ይሁን፣ "ይሄ ይጣል" የሚል አንድ አካል ክፍሉ ውስጥ ይኑር። ፕሮዲውሰሩ ከሰው ዘፈን መውሰዱም ከዚያ የመጣ ነው፤ የራሱ ካልሆነ ብሎ አልደረቀም።

ብቻውን ያልሰራው ነገርም አለ። ሰፈር የሚያውቃቸው፣ እጃቸው የተግባባ ተጫዋቾች ያሉበት ድረስ ሄዷል። እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው አንድ ማስረጃ እንዳለው አውቃለሁ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻውን እየተጫወተ የቀረጸው አልበም አለ። ግሩም ነው፣ አልክድም። እሱ ግን ብቻውን ከመቀመጡ በፊት ስንት ዓመት በሒልተን መድረክ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀጥቅጧል። ላፕቶፕ ላይ ብቻውን የጀመረ ልጅ ያንን ዓመት ከየት ያመጣዋል?

ሁለት ሙዚቃ ስትቀላቅሉ አንዱን እግር መሬት ላይ ተዉት። ስትለቁትም እንዲሁ፤ ሙዚቃው አዲስ ከሆነ ቢያንስ አቀራረቡ የታወቀ ይሁን፣ ወይም የሚገፋው ክንድ ይጠንክር። ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት ደግሞ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) የማን እንደሆነ፣ ግጥምና ዜማው የማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ይስፈር። ይህን ስል የሚሰለቸው አለ። ኩባንያ ይዘጋል፣ ወረቀት ግን ይቀራል።

ሽፋኑ ላይ ግን እስካሁን አልቆረጥኩም። ሁለት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ "ሥራውን የገደለው እሱ ነው" እል ነበር፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ የትኛው እናት ቤት ይገባል? ቆይቶ ደግሞ ሰብሳቢዎቹ ከሺህ ሸክላ መሃል እጃቸው የሚያርፍበት በዚያው ፎቶ እንደሆነ አየሁ። በ2013 አንድ አነስተኛ የካሊፎርኒያ ኩባንያ አልበሙን እንደገና አሳተመው። የዋልያሱ ሰውዬ የ1985 ሥራም በዚያው ዓመት ነው በውጭ አገር ዳግም የታተመው፤ እሱ ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ያኔ 70 ዓመት አልፎታል። አሳታሚዎቹ ሽፋኑን አላሳመሩትም። ያው የውስጥ ልብስ፣ ያው ቆሻሻ።